ጨዋታው በእርግጥ ያስተምራል? ከገበጣ እስከ ታብሌት፣ የሕጻናት ትምህርታዊ ጌም ታሪክ

እኛ ነጋዴዎች ዕቃ ሳናይ አንገዛም። ሰሊጥ ስንገዛ የጆንያውን አፍ ብቻ አይተን ገንዘብ አንቆጥርም። እጃችንን ወደ ታች ሰደን እናወጣለን፣ እፍኙን ወደ ብርሃን አቅርበን እርጥበቱንና አፈሩን እናያለን። ጨርቅ ስንገዛ እንጎትተዋለን፣ ቀለሙን በእርጥብ ጣት እንፈትነዋለን። ጆንያው ላይ «አንደኛ ደረጃ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ማንንም አያሳምንም። የልጆች ጌም ላይ ስንደርስ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይጠፋል። «ለሕጻናት፣ ትምህርታዊ» የሚል ጽሑፍ ካየን እናወርዳለን፣ ስልኩን ለአራት ዓመት ልጅ እናስረክባለን፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞያሌም ሆነ ጁባ፣ ናይሮቢም ሆነ ሃርጌሳ፣ ደንበኛ ቆሞ ልጅ ሲያለቅስ ስልኩ ሞግዚት ይሆናል። አንዱ ወላጅ ዕቃ ለማምጣት ድንበር ሲሻገር ሌላው ሱቅና ቤት ብቻውን ይይዛል። ማንም በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ከድንበር ማዶ የሚያድግ ልጅ ሰፈር ውስጥ ስዋሂሊ ወይም ዐረብኛ ወይም ሶማሊኛ ይሰማል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይማራል። አማርኛ የሚሰማው ከእኛ ከወላጆቹ ብቻ ነው። ያንን ጥቂት ሰዓት ስልኩ ከወሰደው የቀረ ሌላ ሰዓት የለም። ስለዚህ የትኛው ጌም ይሻላል የሚለው ጥያቄ ልጁ ወደፊት ከአያቱ ጋር በምን ቋንቋ ያወራል የሚለውንም ይነካል።

ትምህርታዊ የኮምፒውተር ጨዋታ ከ60 ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው አንድን ጌም ከፍቶ እንደ ሰሊጥ ጆንያ እስከ ታች ለመፈተሽ አይቸገርም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮምፒውተር በፊት፦ ገበጣና አቡጊዳ

ልጅን በጨዋታ ማስተማር ኮምፒውተር ያመጣው ነገር አይደለም። ገበጣን እንውሰድ። በእኛ ዘንድ ገበጣ የተባለው ጨዋታ በኬንያና በታንዛኒያ ባኦ፣ በኡጋንዳ ኦምዌሶ፣ በሱዳን መንገላ እየተባለ በየአገሩ ሕጉን እየቀያየረ ይጫወቱታል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት የገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። የሚያስፈልገው ዕቃ ጉድጓዶችና ጠጠሮች ብቻ ነው፤ እንጨት ቢጠፋ መሬት ተምሶ ይጫወቱታል።

ገበጣ ልጅን ምን ያስተምረዋል? ከጉድጓድ ያነሳው ጠጠር የት እንደሚያልቅ ሳይቆጥር የሚጫወት ልጅ ይሸነፋል። ስለዚህ ከመንካቱ በፊት ያስባል። የተሳሳተበትን ወዲያው በዓይኑ ያየዋል፤ የሚሰድበውም የሚያጨበጭብለትም ማሽን የለም። ቆጠራው ከጨዋታው ተለይቶ የቆመ ሥራ ስላልሆነ ቆጠራውን ብታወጡት ጨዋታው ራሱ አይኖርም። ከሁሉም በላይ ፊት ለፊቱ ሰው ተቀምጧል፤ ያወራል፣ ይከራከራል፣ ያርማል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከየኔታ ዘንድ የመጣ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መጀመሪያ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ በዜማ ይወጣዋል። የጥንት መምህራን ግን አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በዜማ የወጣው ልጅ ፊደሉን ለይቷል ማለት አይደለም። ቃሉን በልቡ ይዞ በስንጥሩ ገበታውን እየነካ ብቻ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ አለ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ቤቱንም ተራውንም ያዘበራርቀዋል። ዜማውን ይዞ ያለፈ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየ ደግሞ ያልፋል። አቡጊዳ በዚህ መንገድ ልጁ ማወቁን ይፈትናል።

እነዚህን ሁለት መለኪያዎች፣ ገበጣንና አቡጊዳን፣ በአእምሯችን ይዘን ወደ ኮምፒውተሩ ታሪክ እንግባ።

ሁለት የተለያዩ መንገዶች

በ1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ባልደረቦቹ ፕላቶ የተባለ የማስተማሪያ ኮምፒውተር ሠሩ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪክ ሰፕስ የተባሉ ምሁር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ሒሳብ ያለማምዱ ጀመር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ይጠይቃል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ማሽኑ ትክክል ወይም ስህተት ይላል፣ ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል። ይህ መንገድ ዛሬም አልሞተም። ስልካችን ላይ ካሉት የልጆች ጌሞች ብዙዎቹ ከላይ ቀለም የተቀቡ የዚያ መንገድ ልጆች ናቸው። ድግግሞሽ ጥቅም አለው፤ የማባዛት ሰንጠረዥ ያለ ድግግሞሽ አይያዝም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የተረዱትን ነገር ያጠነክራል እንጂ ያልተረዱትን አያስረዳም።

ሁለተኛውን መንገድ ከቀደዱት ሰዎች አንዱ የአፍሪካ ልጅ ነበር። ሲሞር ፓፐርት በ1928 በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ተወለደ። በሒሳብ ተመርቆ በጄኔቫ የሕጻናትን አስተሳሰብ ከሚያጠኑት ከታዋቂው ዣን ፒያዤ ጋር ሠራ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1967 ከዋሊ ፎርዛይግ፣ ከሲንቲያ ሰለሞንና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሎጎ በኤሊ ታወቀ፤ መጀመሪያ መሬት ላይ የምትሄድ ማሽን፣ ኋላ ደግሞ በስክሪን ላይ የምትንቀሳቀስ ምልክት። ልጁ «ወደፊት 50፣ ወደ ቀኝ 90» ብሎ ያዛታል፣ ኤሊዋ እየሄደች መስመር ትሥላለች። አራት ማዕዘን ለመሣል የፈለገ ልጅ ግራ ሲገባው ራሱ ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ እየተራመደ ያስባል፤ «እዚህ ጋ ዞርኩ፣ ስንት ጊዜ ዞርኩ?» ይላል።

ፓፐርት በ1980 ማይንድስቶርምስ በተባለው መጽሐፉ የተከራከረው በዚህ ነጥብ ላይ ነበር። በብዙ ክፍሎች ማሽኑ ልጁን እያዘዘ ያሠራዋል፤ እሱ የፈለገው ደግሞ ልጁ ማሽኑን እንዲያዝ ነው። ስልክ ለልጃችን ስንሰጥ ልንጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚህ ይወጣል። አዛዡ ማን ነው?

የነጋዴ ጨዋታ

በ1971 በሚኒያፖሊስ ከተማ ዶን ራዊች የተባለ ወጣት፣ የመምህርነት ልምምድ ላይ እያለ፣ የአሜሪካ ሰፋሪዎችን ጉዞ ለተማሪዎቹ የሚያስረዳበት ዘዴ ፈለገ። ሁለት ጓደኞቹ ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር ፕሮግራሙን ጻፉለትና ኦሪገን ትሬይል ተወለደ። ስክሪን አልነበረም፤ ማሽኑ ጥያቄውን በወረቀት ላይ ያትማል፣ ልጆቹ ተሰብስበው ይማከራሉ፣ መልሱን በታይፕ ይጽፋሉ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሜክ የተባለው የሚኒሶታ መንግሥት ተቋም ጨዋታውን በየትምህርት ቤቱ አሠራጨው።

ጨዋታው ለእኛ እንግዳ አይመስልም። የተወሰነ ገንዘብ በእጅህ አለ፤ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ከፊትህ አለ። ለበሬ ስንት? ለምግብ ስንት? ለልብስ ስንት? ለመንገድ አደጋ ስንት ይቀመጥ? ገንዘቡን ሁሉ መጀመሪያ ላይ የጨረሰ ተጫዋች በሽታ ሲመጣ ወይም ጋሪው ሲሰበር መፍትሔ ያጣል። ይህ በሞያሌ መንገድ ዕቃ ጭኖ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብ ነው። ጨዋታው ለትንንሽ ሕጻናት የተሠራ ባይሆንም ለምርጫችን የሚጠቅም ትምህርት ይዟል፤ እንደ ገበጣው ሁሉ ሒሳቡ ከጨዋታው አይለይም። በዚያ ላይ ልጆቹ በአንድ ማሽን ዙሪያ ተሰብስበው ይከራከሩ ነበር።

አንድ ጉድለትም ነበረው፤ ታሪኩን የሚያየው በሰፋሪዎቹ ዓይን ነው። መሬታቸውን ያጡት ነባር ሕዝቦች በቀደሙት እትሞች ውስጥ የራሳቸው ድምፅ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ጌም ሁሉ የሠሪውን አገርና አመለካከት ይዞ ይመጣል። ልጃችን በጌም ውስጥ የሚያየው ቤት፣ ምግብና በዓል ሁልጊዜ የሌላ ሰው ከሆነ የራሱን ማን ያሳየዋል? ይህን የሚሞላው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው።

ኮምፒውተር ወደ ቤት ሲገባ

ከ1977 ጀምሮ እንደ አፕል ቱ ያሉ ኮምፒውተሮች ቤት ውስጥ መግባት ጀመሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከልጆች ጌም ሠሪዎች መካከል ከክፍል የመጡ መምህራን ይገኙበት ነበር። አስተማሪ የነበረችው ጃን ዴቪድሰን በ1983 ማት ብላስተርን አወጣች፤ ልጁ ትክክለኛውን የሒሳብ መልስ መርጦ ይተኩሳል። አን ማኮርሚክ ለርኒንግ ካምፓኒን በ1980 መሠረተች፤ ከኩባንያው ጌሞች አንዱ የሆነው ሮኪስ ቡትስ በ1982 ልጆች የኤሌክትሪክ መስመር የመሰሉ ነገሮችን እያገጣጠሙ «እና፣ ወይም፣ አይደለም» የሚለውን የአመክንዮ ሥርዓት እንዲለማመዱ አደረገ። በ1985 ደግሞ ካርመን ሳንዲያጎ መጣች፤ ተጫዋቹ ሌባዋን ከአገር አገር ያሳድዳል።

እነዚህን ጎን ለጎን ብናይ ልዩነቱ ይታያል። ማት ብላስተር ውስጥ ተኩሱ ደስታው ነው፣ ሒሳቡ ደግሞ ለደስታው የሚከፈል ቀረጥ ነው። 7 ሲደመር 5ን አንሥታችሁ የእንስሳት ስም ብትተኩበት ጨዋታው ምንም አይለወጥም። በሮኪስ ቡትስ ግን ማሰቡን ብታወጡት የሚቀር ጨዋታ የለም። በካርመን ሳንዲያጎ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ከዲስኩ ጋር ስለ ዓለም አገሮች መረጃ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ ይመጣ ነበር፤ ፍንጩን ለመረዳት ልጁ ከማሽኑ ዓይኑን አንሥቶ መጽሐፍ መግለጥ ነበረበት። ልጅን ከስክሪን አውጥቶ ወደ ሌላ ነገር የሚልክ ጌም ዛሬም ብዙ አይገኝም።

የሣጥኑ ላይ ጽሑፍ ዋጋ ሲያወጣ

1990ዎቹ የሲዲ ዘመን ነበሩ። ጌሞች በዕድሜና በክፍል ተከፋፍለው ቀረቡ፤ ለመዋዕለ ሕጻናት፣ ለአንደኛ ክፍል፣ ለሁለተኛ ክፍል። ይህ ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የልጁን ክፍል አይቶ ሣጥኑን ማንሣት ብቻ ነው። ለሻጩም ጥሩ ነበር፤ ክፍል በተለወጠ ቁጥር አዲስ ሣጥን ይሸጣል። ውስጡ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ያው የ1960ዎቹ ጥያቄና መልስ ነበር፤ የተጨመረው ዘፈንና ሥዕል ነው።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ለነጋዴ የሚነገር ነው። በርካሽ ሲዲ ሽያጭ የታወቀው ሶፍትኪ የተባለ ኩባንያ በ1995 ለርኒንግ ካምፓኒን ገዝቶ ስሙን ራሱ ወሰደው፤ ጥቂት ቆይቶ ኦሪገን ትሬይልን ያሠራጨውን ሜክንም ጨመረ። በ1999 የባርቢ አሻንጉሊት ባለቤት የሆነው ማቴል ይህን ኩባንያ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት ዋጋ ገዛ። ኪሳራው ወዲያው ጀመረ፤ የማቴል ዋና ሥራ አስኪያጅም ሥልጣን ለቀቁ። በ2000 ማቴል ኩባንያውን በርክክቡ ቀን ጥሬ ገንዘብ ሳይቀበል አስተላለፈው። መምህራን በክፍል ውስጥ እያዩና እያረሙ የሠሩት ዕቃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስሙ ብቻ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆኖ ነበር። ገዥው የከፈለው ለስሙ ነው። በንግድ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ብዙዎቻችን አይተናል።

ስልኩ የቀየረው ነገር

አፕል የመተግበሪያ መደብሩን በ2008 ከፈተ፤ አይፓድ በ2010 ወጣ፤ ከዚያ ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች በየገበያችን ተሠራጩ። ከዚህ በኋላ ጌም መግዛት ቀርቶ በነጻ ማውረድ ሆነ። ነጻ ሲባል ግን ነጋዴ መጠየቅ ያለበት «ታዲያ ማን ይከፍላል?» ብሎ ነው። መልሱ ሁለት ነው፤ ማስታወቂያ አስነጋሪው ይከፍላል፣ ወይም ልጁ ሳያውቅ ከእናንተ ሒሳብ ይከፍላል።

የሁለተኛው ነገር አሜሪካ ውስጥ እስከ መንግሥት ደረሰ። ልጆች በጌም ውስጥ ያለ ወላጅ ፈቃድ የገዙትን በተመለከተ በ2014 አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ጉግል ደግሞ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመልሱ ከንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር ተስማሙ። እኛ አካባቢ ስልክና ገንዘብ ከአሜሪካ ይልቅ የተቆራኙ ናቸው። ቴሌብርና ኤምፔሳ ያለበት ስልክ ካዝና ነው፤ ካዝናን ደግሞ ለአራት ዓመት ልጅ መጫወቻ አንሰጥም።

የመጀመሪያው፣ የማስታወቂያው ነገር፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጠንቷል። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቱባቸውን 135 መተግበሪያዎች ፈትሸው 95 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ እንዳላቸው በ2019 አሳተሙ። ይህ ዕድሜ ማስታወቂያን ከጨዋታው የማይለይበት ዕድሜ ነው። የሚያለቅስ ገጸ ባሕርይ «ይህን ካልገዛህልኝ» ሲለው ልጁ ከልቡ ያዝናል።

ጥሩውን ለመለየትም ጥረት ተደርጓል። በ2015 ካቲ ኸርሽ ፓሴክና ባልደረቦቿ ልጆች እንዴት እንደሚማሩ የሚታወቀውን ሰብስበው አራት ነጥቦችን አቀረቡ። ልጁ እያሰበ ይሠራል ወይስ ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል? ሐሳቡ ተሰብስቦ ይቆያል ወይስ ድምፅና ብልጭታ ይበታትነዋል? የሚማረው ከሕይወቱ ጋር ይገናኛል? ከሰው ጋር ያነጋግረዋል? በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በእነዚሁ ነጥቦች 124 ተወዳጅ «ትምህርታዊ» መተግበሪያዎችን መዝኖ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛ ውጤት እንዳገኙ አሳየ። አራቱን ነጥቦች ስታነቡ ገበጣ ትዝ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም።

ከወንጪ እስከ ታንጋ

ይህ ታሪክ በእኛ ምድርም አልፏል። በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሳቸው እንደከፈቱት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እንደዘመሩ፣ በወራት ውስጥም የተቆለፈውን ካሜራ እንዳስከፈቱት ተናገሩ። ዜናው ዓለምን አስደነቀ። የልጆቹ ብልህነት የሚያጠራጥር አይደለም። ነገር ግን በመዝሙር የያዙት ፊደል እናቶቻቸው የሚናገሩትን ቋንቋ የሚጽፉበት አልነበረም። መዝሙር መዘመርና ፊደል መለየት ሁለት ነገር መሆናቸውን ደግሞ አቡጊዳ ቀደም ብሎ ነግሮናል።

ከዚያ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ይህን ያረመ ይመስላል። ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ የተባለው ውድድር በታንዛኒያ በታንጋ ክልል 170 በሚያህሉ መንደሮች፣ 3,000 በሚጠጉ ልጆች ላይ ተካሄደ። በዚህ ጊዜ የታብሌቶቹ ትምህርት በስዋሂሊ ነበር። ሲጀመር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች አንድም የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ከ15 ወራት በኋላ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። በ2019 ዋንቢሊዮንና ኪትኪት ስኩል የተባሉት ሁለቱ አሸናፊዎች የ10 ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት ተካፈሉ። ውጤቱን ሚዛናዊ ሆነን እናንብበው፤ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ በጥንቃቄ የተሠራ ጨዋታ በእርግጥ ያስተምራል። ሌላው ግማሽ ግን ከ15 ወራት በኋላም አላነበበም። ማሽኑ ብቻውን አይበቃም።

በአማርኛ ለምን እንዲህ ያለ ነገር ዘገየ? አንዱ ምክንያት ፊደላችን ነው። የግእዝ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ፊደል በራሱ መንገድ ይጽፍ ስለነበር በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው በሌላው ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ካርመን ሳንዲያጎን ሲያሳድዱ የእኛ ፊደል ገና በኮምፒውተር ላይ ቦታ እየፈለገ ነበር። አሁን ችግሩ ተፈትቷል፤ የአማርኛ ፊደል መተግበሪያዎችም አሉ። ብዙዎቹ ግን የግድግዳውን ገበታ ወደ ስክሪን አምጥተው ድምፅ ጨምረውበት ያቆሙ ናቸው። ልጁ ይነካል፣ ስልኩ «ሀ» ይላል። ይህ ሀሁን በዜማ ከመውጣት ብዙም አይርቅም።

እንደ ዕቃ እንፈትሸው

ይህን ሁሉ ታሪክ ወደ ሥራ እንለውጠው። አዲስ ጌም ለልጃችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ወስዳችሁ ራሳችሁ ተጫወቱት።

መጀመሪያ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። ስትሳሳቱ ጌሙ ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል? ይጮኽባችኋል? ወይስ ለምን እንደተሳሳታችሁ የሚያሳይ ነገር ያቀርባል? ሳታዩ ስክሪኑን በመነካካት ብቻ ካሸነፋችሁ ልጁም ሳያስብ ያሸንፋል።

ቀጥሎ ትምህርቱን በሐሳባችሁ አውጡት። ቁጥሩን ወይም ፊደሉን በሌላ ነገር ብትተኩት ጨዋታው ያው ከሆነ ትምህርቱ ቀረጥ ነው። ድግግሞሽ የሚፈልግ ነገር ለማስያዝ ይጠቅም ይሆናል፤ አዲስ ነገር ያስተምራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

የፊደል ጌም ከሆነ የየኔታን ፈተና ስጡት። ጌሙ ፊደሎቹን ያዘበራርቃል? «ቡ»ን ከ«ሱ»፣ «ጸ»ን ከ«ጰ» እንዲለይ ይጠይቃል? ካልጠየቀ እናንተ ጠይቁ። ስልኩን አጥፍታችሁ በሱቁ ማስታወቂያ ላይ፣ በበርበሬው ላስቲክ ላይ ያለውን ፊደል አሳዩት። እዚያ ከለየው ተምሯል።

ዳታውንና ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ክፈቱት። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጌም ብዙ ማስታወቂያ ማምጣት አይችልም፤ በመንገድ ላይም ያገለግላል። ለልጅ የሚሰጠው ስልክ የገንዘብ መተግበሪያ የሌለበት አሮጌ ስልክ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነም መግዣው በይለፍ ቃል ይቆለፍ።

ጌሙ ያልቃል ወይ የሚለውንም እዩ። ጥሩ ጌም ልጁ አንድ ነገር ሲጨርስ ያርፋል። «ነገ ካልመጣህ ሽልማትህ ይጠፋል» የሚል ጌም የተሠራው ልጁን ለማቆየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት ስክሪን ባይሰጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስ ግን የተሻለ መሆኑን መክሯል።

ስም ለሚጠይቁ ሦስት እንጥቀስ። ጂኮምፕሪ በ2000 የተጀመረ፣ ከሁለት እስከ አሥር ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተርም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ካን አካዳሚ ኪድስ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ለሚታገል ልጅ ይረዳል። ሦስተኛው ስክራች ጁኒየር ነው፤ በ2014 የወጣ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ፣ የፓፐርት ኤሊ የልጅ ልጅ ልንለው የምንችለው ነው። ልጁ ሥዕሎችን እያዘዘ ያንቀሳቅሳል፣ የራሱን ተረት ይሠራል፣ የራሱንም ድምፅ ይቀዳበታል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ቤት ትልቅ ትርጉም አለው። ድምፅ መቅጃው ቋንቋ አይመርጥም። ልጁ ድመቷን በአማርኛ ሊያናግራት ይችላል፣ አያቱም በስልክ የነገሩትን የጦጣና የአንበሳ ተረት ሠርቶ መልሶ ሊያሳያቸው ይችላል። ጌሙን የሠራው ኩባንያ አማርኛ ባያውቅም የልጁ ጨዋታ በአማርኛ ይሆናል። ይህ እንዲሆን ግን ተረቱን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከሰዓቱ ሩቡን አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ይቺ ድመት ወዴት ነው የምትሄደው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሚመልስላችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነም ልብ በሉ።